ፈተናዋን እስክትጨርስ

አባቴ መሞቱን የሰማሁት ነቀምቴ ውስጥ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ ከሰማ በኋላ ነው። አከራዬ ታውቅ ነበር። የትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህር ያውቅ ነበር። መንገድ ዳር በቆሎ የምትጠብሰው ሴትዮ ሳትቀር ታውቅ ነበር። እኔ ያኔ ሰዓት ለምን እንደሚዘገይ በስልኬ እየተማርኩ ነበር። ይህን ለሰው ስናገር ቀልድ የምጀምር ይመስላቸዋል። ቀልድ አይደለም፤ የኮርሱ ሦስተኛ ምዕራፍ ነው።

የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ያደግሁት ኪራሙ ነው። ወላጆቼ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ተጭነው መጀመሪያ አንገር ጉቲን ሰፈሩ፤ ወባው ሲያስቸግራቸው ዘመድ ተከትለው ወደ ኪራሙ ወጡ። እኔና ታናሽ ወንድሜ የተወለድነው እዚያ ነው። እናታችን እኔ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አረፈች። ወንድሜ ከአባባ ጋር እርሻው ላይ ቀረ፤ እኔ ነቀምቴ ተመድቤ አንዲት ባሏ የሞተባት ኦሮሞ ሴት ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራየሁ። አከራዬን አዴ እላታለሁ፤ እማማ እንደማለት ነው። እሷ ደግሞ ባርሲስቱ ትለኛለች፤ አስተማሪዋ ማለቷ ነው። በስም ተጠራርተን አናውቅም።

ከዚያ መንገዱ ተዘጋ። ስለ መንገዱ መዘጋት ብዙ የሚናገር ሰው አለ፤ እኔ መናገር አልወድም። ኪራሙ ጠዋት ከነቀምቴ ተነስተው በዚያው ቀን የሚደርሱበት አገር ነበር፤ በአንድ ክረምት ውስጥ ማንም የማይሄድበት ሆነ። ለጊዜው ስልክ ነበር። አባባ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ የወንድሜን ስልክ ተቀብሎ ይደውልልኛል። ወሬያችን ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ደህና ነሽ፣ ደህና ነን፣ ዝናቡ እንዲህ ነው፣ በቆሎው እንዲህ ነው። በመሃል ያስለዋል። አስም የያዘው ድሮ ነው። ሲያስል ስልኩን ከአፉ ስለሚያርቀው ሳሉ ከሌላ ክፍል የሚመጣ ይመስለኛል።

በመጨረሻው እሑድ አዲስ ነገር ልንገረው ብዬ በኢንተርኔት ትምህርት መጀመሬን ነገርኩት። ኢንተርኔት የሚለውን ዘለለው።

"ፈተና አለው?" አለኝ።

አለው አልኩት። መቼ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ትምህርቱ ሲያልቅ ነው አልኩት።

"እንግዲያ ወዲያ ወዲህ አትበይ። እኛ ደህና ነን።"

በሚቀጥለው እሑድ ስደውል፣ የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይቻልም የምትለው ሴትዮ አነሳችው። ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ የማወራው ከእሷ ጋር ሆነ። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የአባባን ድምፅ መስማት። ሳሉ ብቻ ቢሆንም ይበቃኝ ነበር።

ሰው እንደሚያስበው አላለቀስኩም፤ እንቅልፍም አላጣሁም። ደነዘዝኩ። ክፍል ገብቼ አስተምራለሁ፣ ሰው ሲስቅ እስቃለሁ፣ ምሳ ምን እንደበላሁ ማታ ብጠየቅ አላስታውስም። ኮርሱን ስጀምረው ለሥራዬ ብዬ ነበር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል መጽሐፍ መጨረሻ አካባቢ ስለ ልዩ አንጻራዊነት የምታወራ አንዲት አጭር ክፍል አለች። በየዓመቱ ሳንደርስባት ትምህርት ይዘጋል፤ እኔም በየዓመቱ እግዜርን አመሰግናለሁ፣ ምክንያቱም አላውቃትም። ዩኒቨርሲቲ ቀመሩን ሸምድጄ ነው ያለፍኩት። ስልኩ ሲቋረጥ ግን ኮርሱ የሥራ ጉዳይ መሆኑ ቀረና ከሰዓት በኋላዬን የማሳልፍበት ቦታ ሆነ።

የሞባይል ዳታው የሚመጣው ሲፈልግ ስለሆነ፣ አስፋልቱ ዳር ወዳለ አንድ ሆቴል ሄጄ በዋይፋይ አወርድ ነበር። ጥግ እይዛለሁ፣ ማኪያቶ አዛለሁ፣ ኤርፎኔን እሰካለሁ። የኮርሱ መምህር ሽማግሌ ፈረንጅ ነው። በዚህ ዘመን ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ይጽፋል፤ የኮቱ እጅጌ ነጭ ሆኗል። ለዚህ ብቻ ወደድኩት፤ የእኔም ሹራብ እንደዚያው ነው። የማልወድለት ባቡሩን ነው። ምሳሌው ሁሉ በባቡር ነው። እኔ ባቡር በአካል አይቼ አላውቅም፤ ወለጋ ውስጥ ሐዲድ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ባቡሩን አስወጥቼ ወደ ጊዳ አያና የሚሄደውን አባዱላ ሚኒባስ አስገባሁበት። ሕጉ ለአባዱላም ይሠራል፤ ተሳፋሪው መብዛቱ ብቻ ነው ልዩነቱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ መንገድ ዳር ቆሜያለሁ። አባዱላው በፊቴ ሲያልፍ መብረቅ አፍንጫውንና የኋላ በሩን ይመታል። ሁለቱ ከተመቱበት ቦታ እኩል ርቀት ላይ ስለቆምኩ ሁለቱም ብልጭታ አንድ ላይ ይደርሰኛል፤ እኩል መቱ እላለሁ። መኪናው ውስጥ መሃል ወንበር ላይ የተቀመጠችው ሴት ግን ወደ ፊተኛው ብልጭታ እየሄደች፣ ከኋለኛው እየራቀች ነው። የፊቱ ቀድሞ ይደርሳታል። የብርሃን ፍጥነት ደግሞ ለእሷም ለእኔም አንድ ነው፤ ተቀምጠው ቢጠብቁት ሮጠው ቢቀበሉት አይጨምርም አይቀንስም። ስለዚህ እሷ፣ "የፊቱ ቀድሞ መታ" ብትል ትክክል ናት። እኔም፣ "እኩል መቱ" ስል ትክክል ነኝ።

እዚህ ላይ ከሽማግሌው ጋር ተጣላን። ቪዲዮውን አቁሜ፣ "እሺ፣ በእርግጥስ የትኛው ነው የቀደመው?" እለዋለሁ። እንደገና አስነሳዋለሁ፤ እሱ እንደገና አባዱላውን ያመጣል። "በእርግጥ" የሚባል ነገር የለም ነው የሚለኝ። ሩቅ ቦታ ላይ የሆነ ነገር አሁን ሆነ ለማለት ማን እንደሚያየው መናገር አለብሽ ነው የሚለኝ። አንድ ቀን ድምፄን ሳላውቅ አሰምቼ ኖሮ፣ አስተናጋጁ መጥቶ ከባለቤቴ ጋር ተጣልቼ እንደሆነ በትህትና ጠየቀኝ። ባል የለኝም። የተጣላሁት በተመሳሳይ ጊዜ ከሚለው ሐሳብ ጋር ነው ብዬ ብነግረው ማኪያቶውን መልሶ ይወስደው ነበር።

ተማሪዎቹ በሚጽፉበት መድረክ ላይ ጥያቄዬን ጻፍኩ። የት እንደሚኖር የማላውቀው አንድ ሰው መለሰልኝ፤ አእምሮሽ ውስጥ ለዓለም ሁሉ የሚሠራ አንድ ትልቅ ሰዓት ሰቅለሻል፣ እሱን ካላወረድሽ አይገባሽም አለኝ። ትክክል ነበር። ሰዓቱ ይታየኝ ነበር። የክፍለ ከተማ ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ እንዳለው ያለ ክብ ሰዓት፣ ነቀምቴም ኪራሙም ስንት ሰዓት እንደሆነ የሚናገር። እሑድ ከሰዓት አባባ ምን እያደረገ ይሆን ብዬ የማስበው በእሱ ሰዓት ነበር።

ይህን ስል ቃሌን ተቀብሎ የሚቀጥለውን ሰው አውቀዋለሁ። አንጻራዊነት ማለት ሁሉም ነገር እንደየሰዉ ነው ማለት ነው የሚል ሰው በየቢሮው አለ፤ በጣም ያናድደኛል። ትምህርቱ የሚለው ተቃራኒውን ነው። የማይለወጥ ነገር አለ፣ እሱም እንዳይለወጥ ሲባል ሰዓትና ርቀት ይለወጣሉ ነው የሚለው። ደግሞ ከነቀምቴ ኪራሙ ብርሃን ለመድረስ ዐይን እስክትጨፍን እንኳ አይፈጅበትም። አባባና እኔን የለየን ፊዚክስ አልነበረም። ለራሴ ይህን ደጋግሜ ብነግረውም አእምሮዬ ግን እምቢ እያለ ምሳሌውን ሁሉ ወደዚያው መንገድ ይወስደዋል።

ከትምህርቱ ሁሉ የወደድኩት ሙዮን የሚባለውን ነው። ሙዮን ሰማይ ጫፍ ላይ የሚወለድ ኢምንት ቅንጣት ነው። ዕድሜው ከማጠሩ የተነሳ መሬት ሳይደርስ መሞት አለበት። ግን በጣም ስለሚፈጥን በእኛ ዐይን ሰዓቱ ይዘገይለታል፣ ይደርሳል። ይህን ያየሁ ቀን ቪዲዮውን ሁለት ጊዜ ደገምኩት። የሆነ ነገር መድረሱ ደስ አለኝ። በዚያ ሰሞን ደስ ያለኝ ነገር ይኸው ብቻ ነው።

አሁን ስለ ፈተናና ስለ መርዶ መናገር አለብኝ። በእኛ ሰው ዘንድ ፈተና ላለበት ተማሪ መርዶ አይነገርም። አገሩ ሁሉ ተማክሮ ይደብቀዋል። አሥረኛ ክፍል ሳለን የአንዲት ጓደኛዬ እናት በብሔራዊ ፈተና ሳምንት ሞተች። ልጅቷ ከተማ ቤት ተከራይታ ነበርና አልሰማችም። እኛ ሰምተናል። ጠዋት ጠዋት አጅበናት እንሄዳለን፣ አብረናት እንስቃለን፣ መልስ እናመሳክራለን። የሒሳብ ቀን ማስመሪያ ስትረሳ የእኔን ሰጠኋት። የመጨረሻውን ወረቀት አስረክባ ስትወጣ አጎቶቿ በሩ ላይ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመው አገኘቻቸው። ማንም ክፉ ሥራ ሠራን አላለም። እናትየዋ የለፋችው ለዚያ ፈተና ነው፤ ሞቷ እንዳያበላሸው ነው የተደበቀው። እኔም አምኜበት ነበር። ስለዚህ በኋላ በራሴ ላይ ሲደርስ ቶሎ ማወቅ ነበረብኝ። አላወቅሁም፤ ደመወዝ ለሚበላ ለአንድ የጎለመሰ ሰው ማን እንዲህ ያደርጋል ብዬ ላስብ።

ያየሁትን ልናገር። መጀመሪያ የአዴ ራዲዮ ዝም አለ። አዴ ያለ ራዲዮ ምንም አይሆንላትም፤ ጠዋት የምነቃው በእሷ የኦሮምኛ ዘፈን ነው። ምን ሆነ ስላት ባትሪ አለቀ አለችኝ። ባትሪ ገዝቼ ሰጠኋት። መረቀችኝ፤ ራዲዮው ግን ዝም እንዳለ ቀረ። ቀጥሎ ርእሰ መምህሩ ጠርቶ ከቅዳሜው የማጠናከሪያ ትምህርት እንዳነሳኝ ነገረኝ፤ ኮርስሽን ተማሪበት አለኝ። ስለ ኮርሱ ነግሬው አላውቅም ነበር። ቢሆንም በጣም ደስ አለኝ። በሥራ ዘመኔ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ አለቃ ለልዩ አንጻራዊነት ክብር ሰጠ ብዬ ኮራሁ። ባለበቆሎዋ ትልቅ ትልቁን እየመረጠች ትሰጠኝ ጀመር። አንድ ቀን ደግሞ ከሰዓት በኋላ የመምህራን ማረፊያው ጭር አለ፤ የት ሄዱ ብል ስብሰባ ነው አሉኝ። እኔን ያልጠሩበት ስብሰባ በመኖሩ ደስ ብሎኝ ለብቻዬ ተቀምጬ ስለ ጊዜና ቦታ መዋሃድ አነበብኩ።

አዴ ደግሞ ሰላምታ ባቀረበች ቁጥር ፈተናውን ትጠይቀኛለች። ጠዋት፣ "አካም ቡልቴ ባርሲስቱ" ትለኛለች፤ ደህና አደርኩ ስል ወዲያው፣ "ፈተናው መቼ ነው?" ትላለች። ገና ነው እላታለሁ። ትተነፍስና ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። አንድ ቀን፣ ይሄ መንግሥት ምን ዓይነት ፈተና ነው የሚፈትነው፣ ሰው አያልቅበትም ወይ አለችኝ። ሳቅሁ። የመንግሥት ፈተና መስሏት እንደሆነ ገባኝ፤ ላስረዳት ግን ሰነፍኩ።

ፈተናው ደግሞ ምን መሰላችሁ? ምርጫ ነው። በስልክ የሚሠራ፣ አንድ ማኪያቶ ሳይቀዘቅዝ የሚያልቅ። በፈለጉት ቀን ይከፈታል፤ ከወደቁ በማግስቱ ይደገማል። ቀኑ ሲያልፍ ስልኩ ላይ ቀኑን አራዝም የምትል አንዲት ሰማያዊ ቁልፍ አለች፤ እሷን ሲጫኑ ሁሉም እንደ አዲስ ይስተካከላል፣ ማንም ለምን አይልም። እኔ እጫናታለሁ። ምክንያቴ አባዱላው ገና በደንብ አልገባኝም የሚል ነበር። እውነቱ ግን ኮርሱ ካለቀ ከሰዓት በኋላ የት እንደምቀመጥ አለማወቄ ነው። ስለዚህ ቁልፏን እየተጫንኩ፣ የገባኝን ቪዲዮ እንደገና እያየሁ፣ እሑድ እሑድ እየደወልኩ ቆየሁ።

አንድ ቅዳሜ አባዱላው ገባኝ። ምንም የተለየ ነገር አልሆነም። ሆቴሉ ውስጥ ተቀምጬ ሴትየዋን መሃል ወንበር ላይ አስቀመጥኳት፣ እኔ መንገድ ዳር ቆምኩ፣ ያ ክብ ሰዓት ግድግዳው ላይ አልነበረም። ሁለታችንም ትክክል ነበርን፤ የሚያስጨንቅም ነገር አልነበረውም። እንግዲህ ምን ቀረኝ ብዬ ፈተናውን ከፈትኩት። ሠራሁት፣ አለፍኩ። ስልኩ በርችት እንኳን ደስ አለሽ አለኝ። ሒሳቤን ከፍዬ ወደ ቤት ሄድኩ።

አዴ ደጅ ላይ ልብስ እያሰጣች ነበር። ለጨዋታ ያህል፣ "አዴ፣ ፈተናው አለቀልሽ" አልኳት።

ያሰጣችውን ልብስ መልሳ ሳፋው ውስጥ ከተተችው። "ሁሉንም ጨረስሽ? የቀረ የለም?"

የለም አልኳት። አንገቴን አቅፋ ሳመችኝና ወደ ቤት ገባች። ትንሽ ቆይታ ምግብ ይዛልኝ መጣች፤ በልቼ እስክጨርስ አጠገቤ ተቀመጠች። በደንብ ብዪ፣ ነገ ትደክሚያለሽ አለችኝ። ነገ እሑድ ነው፣ ምን ያደክመኛል ብዬ አልጠየቅሁም። በፈተናው ማለፌ ደስ ብሏት ነው ብዬ በላሁ።

በነጋታው ጎህ ሳይቀድ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ግቢው በሰው ሞልቷል። አዴ ከፊት ናት፤ ከኋላዋ ርእሰ መምህሩ፣ ባልደረቦቼ፣ የወሎ ሰፋሪዎቹ የእድር ሽማግሌዎች፣ ባለበቆሎዋ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ማንም አፉን ሳይከፍት ገባኝ። ከመሃላቸው ወንድሜ ቆሟል።

ወንድሜን ሳየው ጎፈሬው የለም። ከልጅነቱ ጀምሮ ጎፈሬ ነበረው፤ አባባ ለጎጆ የሚሆን ሣር አበቀልክ እያለ ይቀልድበት ነበር። አሁን ፀጉሩ አጭር ነው፣ ከዳር እስከ ዳር እኩል፣ ለሐዘን ተላጭቶ መልሶ የበቀለ። ዛሬ የተላጨ ፀጉር እንዲህ አይሆንም፤ የሳምንትም አይደለም። ሽማግሌው፣ "ልጄ፣ አባትሽ አርፏል" ሲሉኝ እኔ የወንድሜን ፀጉር እየለካሁ ነበር።

እንድጮህ ጠበቁኝ። መቼ ነው የሞተው አልኩ። ከሚካኤል ማግስት ነው አሉ፤ ያሁኑ ሚካኤል አይደለም፣ ያለፈውም አይደለም። አርባውስ አልኩ። አዴ፣ ወጥቷል አለችኝ። ሰፋሪዎቹ እዚሁ ነቀምቴ ቤተ ክርስቲያን አውጥተውለታል፣ የትምህርት ቤታችን መምህራንም ተገኝተዋል። ማረፊያው ጭር ያለበት የዚያ ቀን ስብሰባ እሱ ነበር።

ሴቶቹ አለቀሱ። ባለበቆሎዋ ከሁሉ በላይ አለቀሰች። ሁሉም ከዚህ በፊት አልቅሰው ጨርሰው፣ ለእኔ ሲሉ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩት። እኔ ደረቅ ዐይን ይዤ መሃላቸው ተቀመጥኩ። አዴ እጄን ይዛ፣ "ኦብሲ፣ ኦብሲ ባርሲስቱ" ትለኛለች፤ ቻዪው ማለቷ ነው። የምችለው ነገር አልነበረኝም። ምንም አይሰማኝም ነበር። የሞተበትን ቀን ወደ ኋላ ሄጄ ፈለግሁት፤ የትኛውን ቪዲዮ እያየሁ እንደነበር ስልኩ ያውቀዋል፣ ከፍቼ ግን አላየሁም። አንድ ሰው ሊያጽናናኝ ብሎ ጊዜ እኮ አንጻራዊ ነው ቢለኝ ኖሮ አስወጣው ነበር። እዚህ ላይ ሰው ነው የደበቀኝ፤ ብርሃኑ አልዘገየም።

ሰዉ ትንሽ ቀለል ሲል ወንድሜን ክፍሌ ውስጥ ብቻውን አገኘሁት። መቼ እንደመጣ ጠይቄው ሲነግረኝ ተናደድኩ። የመጣው ከቀብሩ በኋላ መኪኖች ታጅበው ከኪራሙ በወጡበት ቀን ነው። ያንን ሁሉ ጊዜ መናኸሪያው አጠገብ አንድ የአገራችን ሰው ቤት ተቀምጧል። እኔ ከምኖርበት በእግር የሚደረስ ነው። አንድ ቀን ወደ ሆቴሉ ስገባ ከመንገዱ ማዶ አይቶኛል፤ የተላጨ ራሱን በጃኬቱ ሸፍኖ ተመልሷል። በአንድ ከተማ ሆነህ እንዴት አስቻለህ አልኩት። የምሳደብበት ቃል ጠፍቶኝ አፈርኩብህ አልኩት።

"እኔ አይደለሁም እታለም" አለኝ። "አባባ ነው። ቃል አስገብቶኝ ነው።"

ከዚያ ነገረኝ። አስሙ የጠናበት በክረምቱ መግቢያ ነው። የሚነፋው መድኃኒት እንደ ልብ አይገኝም ነበር፤ ወንድሜ አባባን ጠዋት ጠዋት በር ላይ አስደግፎ ያስቀምጠዋል። ወንድሜ እሷ ብታውቅ መንገድም ቢሆን ሰብራ ትመጣ ነበር ሲለው አባባ ይቆጣዋል። መንገዱን ረስቶታል፤ ወይም ሊያስታውሰው አልፈለገም። ያልመጣሁት በፈተናው ምክንያት ነው ብሎ ይዟል። ጎረቤት ሊጠይቀው ሲመጣ ልጄ ፈተና ላይ ናት፣ ስትጨርስ ትመጣለች ይላል። ጠዋት ሲነቃ የመጀመሪያ ቃሉ፣ "ጨርሳ ይሆን?" ነው። ወንድሜ ገና ነው ይለዋል፤ ሌላ ምን ይበለው። ወደ መጨረሻው መናገር ሲያቅተው ወንድሜን በእጁ ጠራው።

"ፈተናዋን እስክትጨርስ እንዳትነግራት አለኝ። ደንግጣ እንዳይጠፋባት አለ።"

ወንድሜ ይህን ነግሮኝ መሬት መሬቱን አየ። እኔ ስልኬን አየሁ። አልጋው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ሰማያዊዋ ቁልፍ ውስጡ አለች። አባባ ጨርሳ ይሆን ይል በነበረ ጊዜ ስንቴ እንደተጫንኳት አስቤ ልቆጥር ጀመርኩና ተውኩት።

"ግን እታለም" አለኝ ወንድሜ፣ "ይህን ያህል የሚቆይ ምን ዓይነት ፈተና ነው?"

ሁሉንም ልነግረው ነበር። ማኪያቶውን፣ ምርጫውን፣ በማንኛውም ቀን ከፍቼ ልሠራው እችል እንደነበር። ፀጉሩን አየሁና አልቻልኩም።

"ከባድ ነው" አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ይህን መስማት የፈለገ ይመስል ነበር። ተነስቶ ወደ ደጅ ወጣ፤ በመስኮቱ ድምፁ ይሰማኝ ነበር። ለተቀመጡት ሽማግሌዎች እየነገራቸው ነው፤ በጣም ከባድ ፈተና እንደነበረብኝ፣ አባባም ከባድነቱን ቀድሞ አውቆ እንደነበር፣ ልጁም እንዳላሳፈረችው። ሽማግሌዎቹ ተመስገን አሉ። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት።